የተከላካዩ ዓይን

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1959፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። በእንግሊዟ ዎርስተር ከተማ ትንሹ ሴንት ጆርጅስ ሌን ሜዳ ከ15 ሺህ በላይ ሰው አጭቆ ይዟል። ጨዋታው ቅዳሜ ሊደረግ ታስቦ ነበር፤ ሜዳው በውርጭ ስለደረቀ ተላልፎ የሥራ ቀን ላይ ዋለ። ባለሜዳው ዎርስተር ሲቲ ከአራቱ የሊግ ዲቪዚዮኖች በአንዱም ውስጥ የሌለ፣ በደቡብ እንግሊዝ ሊግ የሚጫወት ክለብ ነው። እንግዳው ሊቨርፑል ነው። ገና በዘጠነኛው ደቂቃ ቶሚ ስኩስ የሚባል የዎርስተር የ18 ዓመት ልጅ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ደግሞ የሊቨርፑሉ ተከላካይ ዲክ ዋይት ኳሷን በራሱ መረብ ላይ አሳረፋት። ወዲያው ሊቨርፑል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ጄፍ ትዌንቲማን መትቶ አገባት። ከዚያ በኋላ ግን የተገኘ ነገር የለም፤ 2 ለ 1 ተሸንፈው ከኤፍ ኤ ካፕ ወጡ።

የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሊረሷቸው ከሚፈልጓቸው ቀናት አንዱ ነው። ያኔ ሊቨርፑል ዛሬ የምናውቀው ሊቨርፑል አልነበረም። በ1954 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወርዶ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው ቀርቷል። ትዌንቲማን ከካርላይል የመጣው ክለቡ ሊወርድ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1953 መጨረሻ ነው። ከ180 በላይ ጨዋታዎችን በተከላካይነትና በኋላ አማካይነት አደረገ፤ አንድም ዋንጫ አላነሳም። ከዎርስተሩ ሽንፈት ሁለት ወር ያህል በኋላ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ወደ ሰሜን አየርላንዱ ባሊሚና ዩናይትድ ሄደ። የሊቨርፑልን ዕጣ የቀየረው አሰልጣኝ ቢል ሻንክሊ ወደ ክለቡ ሜዳ አንፊልድ የደረሰው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው። በወራት ልዩነት ተላለፉ።

ስለ ትዌንቲማን እንድጽፍ ያደረገኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በተጫዋችነቱ ዘመን ከክለቡ ጋር ምንም ያልቀመሰው ይኸው ተከላካይ፣ ከ1967 እስከ 1986 የሊቨርፑል የመልማዮች ኃላፊ ሆኖ ሠራ። በእነዚያ ዓመታት ክለቡ ዘጠኝ የሊግ ዋንጫና አራት የአውሮፓ ሻምፒዮና ዋንጫ ወሰደ። ዋንጫዎቹን ያነሱት እጆች ሌሎች ናቸው፤ ከእነዚያ እጆች ብዙዎቹን ፈልጎ ያመጣው ግን እሱና አብረውት ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

በዚያ ዘመን ጫማ መስቀል ከባድ ነበር። በእንግሊዝ እስከ 1961 መጀመሪያ ድረስ የአንድ ተጫዋች ከፍተኛ የሳምንት ደመወዝ በሊጉ ደንብ ተወስኖ ነበር፤ ጣሪያው 20 ፓውንድ። ስለዚህ ሠላሳዎቹን አጋምሶ ሜዳ የለቀቀ ሰው ቆጥቦ የሚኖርበት ገንዘብ አልነበረውም። አንዱ መጠጥ ቤት ይከፍታል፣ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ከዝቅተኛ ክለብ ወደ ዝቅተኛ ክለብ እየዞረ ያሠለጥናል። ትዌንቲማን ሦስተኛውን መንገድ ያዘ። በ1965 ሃርትልፑልን ጥቂት ጊዜ አሠለጠነ፤ ወንበሩን ከእሱ የተረከበው በኋላ ዝነኛ የሆነው ብራያን ክላፍ ነው። አሰልጣኝነቱ ለትዌንቲማን አልሰመረለትም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሻንክሊ ጠራው። ሻንክሊ የሚያውቀው ገና ከልጅነቱ ነው፤ ከ1949 እስከ 1951 ካርላይልን ሲያሠለጥን ትዌንቲማን በዚያው ቡድን ውስጥ ወጣት ተጫዋች ነበር።

ይህ ጥሪ ብልህነት ነበረው። ሻንክሊ የፈለገው ዝነኛ ስም አልነበረም፤ ባዶ ሜዳ ላይ በዝናብ ቆሞ ያየውን በትክክል የሚነግረው ሰው ነበር የሚያስፈልገው።

የመልማይን ሥራ ብዙ ሰው ጥሩ ተጫዋች ማየት ብቻ ይመስለዋል። ጥሩ ተጫዋች ጥሩ ሲጫወት ማየት ለማንም አይከብድም፤ ሜዳው ሙሉ ሰው ያየዋል። መልማዩ የሚከፈለው ሌላውን እንዲያይ ነው። ቀድሞ ይደርሳል፤ ልጁ ሲያሟሙቅ ያያል፣ ማን ጋር እንደሚያወራ፣ ማን ኳስ እንደሚያቀብለው ያያል። ጨዋታው ሲጀመር ኳሷን መከተል ይተዋል። ዘጠና ደቂቃ ዓይኑ አንድ ሰው ላይ ነው። ኳስ ከመምጣቷ በፊት አንገቱን ያዞራል ወይስ ከመጣች በኋላ ነው የሚያስበው? ኳስ ሲቀማ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል ወይስ ዞሮ ይሮጣል? ቡድኑ ሁለት ጎል ሲገባበት ኳስ ይጠይቃል ወይስ ይደበቃል? ከዚያ ደግሞ ከሜዳው ውጭ፣ በሚሰድበው ተመልካች ፊት፣ ያንኑ ልጅ እንደገና ሄዶ ያየዋል። በመጨረሻ ያየውን በወረቀት ያሰፍራል። ይህ የመጨረሻው ክፍል ለቀድሞ ተጫዋቾች ከሁሉ ይከብዳቸዋል። እግራቸው የሚያውቀውን አፋቸው መግለጽ አይችልም፤ «ይችላል»፣ «አይችልም» ብለው ያልፋሉ። ትዌንቲማን ግን ያያቸውን ተጫዋቾች በአጫጭር ማስታወሻ ይመዘግብ ነበር። መዝገቡ ከሞተ በኋላ ለአንድ መጽሐፍ መሠረት ሆኗል።

የሚመለከታቸው ሜዳዎች ደግሞ ሌላው የማይመለከታቸው ነበሩ። በ1977 ሮም ላይ ሊቨርፑል የመጀመሪያውን የአውሮፓ ሻምፒዮና ዋንጫ ሲያነሳ የተሰለፉትን አሥራ አንድ ልጆች ከየት እንደመጡ ብንቆጥር እንገረማለን። በረኛው ሬይ ክሌመንስና አጥቂው ኬቨን ኪገን ከስካንቶርፕ፣ ፊል ኒል ከኖርዝሃምፕተን፣ ጆይ ጆንስ ከሬክስሃም መጡ። ስቲቭ ሃይዌይ ከስኬልመርስዴል፣ ጂሚ ኬዝ ከሳውዝ ሊቨርፑል የተገኙ ናቸው፤ ሁለቱም ክለቦች ከሊጉ ውጭ ነበሩ። ከቋሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አገር የማያውቃቸው ሜዳዎች ልጆች ናቸው። እነዚህን ሁሉ ትዌንቲማን ብቻውን አገኛቸው ማለት ስህተት ይሆናል። ኪገንን ብንወስድ ከሁሉ በላይ የጎተጎተው አንዲ ቢቲ ነው፤ የቀድሞ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ፣ የሻንክሊ የፕሪስተን ጓደኛ፣ በእርጅናው ለሊቨርፑል ተጫዋች የሚያይ ሰው። ኪገንን ቀደም ሲል ኮቨንትሪ በሙከራ አይቶ መልሶታል። ሊቨርፑል በ1971 በ35 ሺህ ፓውንድ ገደማ ገዛው። በ1977 በ500 ሺህ ለሃምቡርግ ሸጠው፤ እዚያም ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ኮከብ ተጫዋች ሆነ።

ቢቲ ተከላካይ፣ ትዌንቲማን ተከላካይ። ይህን አጋጣሚ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ እየቆየሁ ስቆጥረው ተከታታይ ሆነብኝ። ትዌንቲማን በ1986 ሲለቅ ቦታውን የያዘው ሮን ዬትስ ነው። ዬትስ በ1965 ሊቨርፑል የመጀመሪያውን ኤፍ ኤ ካፕ ሲወስድ አምበል የነበረ ግዙፍ የመሐል ተከላካይ ነው። እሱም እስከ 2006 ድረስ ለሃያ ዓመት ያንኑ ሥራ ሠራ። በኋላ የመልማዮች ኃላፊ የሆነው ባሪ ሃንተርም የሰሜን አየርላንድ ብሔራዊ ቡድን የመሐል ተከላካይ ነበር። በአርሰናል ደግሞ በአሰልጣኙ ቬንገር ዘመን ለክለቡ ፈረንሳይን ያስስ የነበረው ዢል ግሪማንዲ በ1998 ሊጉንና ኤፍ ኤ ካፑን ያነሳው ቡድን ተከላካይ ነው።

የእኔ እምነት ይህ ነው፤ ተከላካይ ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራው ሌላውን ሰው ማንበብ ነው። አጥቂ የሚያስበው ራሱ ሊያደርግ ያለውን ነው፤ ተከላካይ ግን ፊቱ ያለው ሰው ሊያደርግ ያሰበውን ነው የሚያስበው። በየቅዳሜው አዲስ ሰው ይመጣበታል። ይህ በቀኝ ነው የሚያልፈው፣ ይህ ሲገፉት ይበሳጫል፣ ይህኛው ሰባ ደቂቃ ሲሞላ ትንፋሽ ያጥረዋል እያለ ይመዘግባል። አሥር ዓመት እንዲህ ከሠራ በኋላ ጫማውን ሲሰቅል ጉልበቱ ይሄዳል፣ ንባቡ ግን ይቀራል። ያመለጡትን አጥቂዎች ደግሞ ሰውነቱ አይረሳቸውም። ተከላካይ ባይሆንም የስፔኑ ሴቪያ ሞንቺም ምስክር ይሆነኛል። በ1990ዎቹ በአብዛኛው ተጠባባቂ በረኛ ነበር፤ ማራዶናን ጨምሮ የስንቱን ችሎታ ከወንበር ላይ ሆኖ ተመልክቷል። በ2000 ክለቡ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ሲወርድ የስፖርት ዳይሬክተርነቱን ሰጡት። እንደ ዳኒ አልቬስ ያለውን ልጅ ከብራዚሉ ባሂያ አምጥቶ፣ አሳድጎ፣ ለባርሴሎና ሸጠ። በ2017 ሴቪያን ሲለቅ ክለቡ አምስት ጊዜ የአውሮፓን ሁለተኛ ዋንጫ ወስዶ ነበር።

ይሁን እንጂ ተጫውቶ ማለፍ ብቻውን መልማይ አያደርግም። የቀድሞ ተጫዋች ትልቁ ፈተና ራሱን መፈለጉ ነው። ታታሪ የነበረው ታታሪውን ልጅ ሲያይ ልቡ ይሸፍታል፤ ቀስ የሚለውን ባለ ጥበብ ያልፈዋል። ትዌንቲማንና ጓደኞቹም ያመለጣቸው ሰው ነበር። ከሁሉ የሚያስተምረው አለን ሃንሰን ነው። በ1971 ሊቨርፑል ሙከራ ሲመጣ የ16 ዓመት ገደማ ስኮትላንዳዊ ልጅ ነበር፤ አልበቃህም ተብሎ ተመለሰ። ልጁ ቁመተ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኳስ ሲይዝ የማይቸኩል ነበር። በእንግሊዝ የመሐል ተከላካይ ማለት ደግሞ ገጭቶ፣ ጠልዞ፣ አየር ላይ የሚያሸንፍ ሰው ነበር ያኔ። እንዲህ ያለውን ተረጋግቶ ኳስ የሚጫወት ልጅ እንደ ተከላካይ ለማየት ራሱ ተከላካይነቱን የሚያይበትን መንገድ መቀየር ይጠይቃል።

ሊቨርፑል ያንን ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ከፓርቲክ ቲስል በ100 ሺህ ፓውንድ ገዛው። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ሁለተኛው ውሳኔ ነው። አንድ ተቋም «አይሆንም» ብሎ የመለሰውን ሰው እንደገና ለማየት ዓይኑን ክፍት ካላደረገ የመጀመሪያው ፍርድ ዘላለማዊ ይሆናል። ሃንሰን 620 ጨዋታ ተጫወተ፤ ስምንት የሊግና ሦስት የአውሮፓ ሻምፒዮና ዋንጫዎችን አነሳ፤ በ1986 ሊቨርፑል ሊጉንና ኤፍ ኤ ካፑን በአንድ ዓመት ሲወስድ አምበሉ እሱ ነበር። በ1971 የተጻፈበትን ፍርድ ማንም ሳይከልሰው ቢቀር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

የኢያን ረሽ ነገር ደግሞ ሌላውን የሙያውን ገጽ ያሳያል፤ ትዕግሥትን። ረሽ ቼስተር ውስጥ ሲጫወት የነበረ ዌልሳዊ ልጅ ነው። ቼስተር ከሊቨርፑል ብዙም አይርቅም፤ ትዌንቲማን ልጁን ደጋግሞ ለማየት ችሏል። በ1980 የፀደይ ወራት፣ 18 ዓመቱ ሳለ፣ በ300 ሺህ ፓውንድ አስፈረሙት። ለእንዲያ ያለ ወጣት እስከዚያ ድረስ ያልተከፈለ ዋጋ ነው። ልጁ ራሱ ለእንዲህ ያለ ክለብ እበቃለሁ ብሎ አላመነም፤ ቤተሰቡ ውስጥ የሚደገፈውም ኤቨርተን ነበር። በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ለዋናው ቡድን ዘጠኝ ጊዜ ተሰልፎ አንድም ጎል አላገባም። ተስፋ ቆርጦ ልሂድ እስከማለት ደረሰ። አሰልጣኙ ቦብ ፔዝሊ ግን ጎል ፊት ስትደርስ ለሌላው አታስብ፣ ራስህ ምታ ብሎ መከረው። በሴፕቴምበር 1981 በፊንላንዱ የኦውሉ ክለብ ላይ የመጀመሪያውን ጎል አገባ። ሊቨርፑልን ሲለቅ 346 ጎሎች ነበሩት፤ ይህ እስካሁን የክለቡ ሪከርድ ነው።

በዚያ የመጀመሪያ ዓመት መልማዩ ምን ተሰምቶት ይሆን? 300 ሺህ ፓውንድ አውጡ ያለው እሱ ነው፤ ልጁ ደግሞ ጎል አያገባም። የመልማይ ሥራ የሚፈረደው በፊርማው ቀን አይደለም፤ ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ አንዳንዴም መልማዩ ራሱ ከሄደ በኋላ። ሊቨርፑል ይህን ስለሚያውቅ አዲስ ልጅ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አያሰልፈውም ነበር። ተጠባባቂ ቡድን ውስጥ ዓመት ያህል ያሽከረክረዋል፤ የክለቡን አጨዋወት እንዲላመድ፣ ማቀበሉንና መንቀሳቀሱን እንዲያውቅ። መልማዩ ልጁን ያመጣል፤ የሚያበስለው ክለቡ ነው። ዛሬ በአንድ ወር ውጤት ካልታየ «የማይረባ ግዢ» የሚባልበት ዘመን ላይ ስንኖር ያ ትዕግሥት እንደ ቅርስ ይታየኛል።

በ1986 የሊቨርፑል አሰልጣኝ የነበረው ኬኒ ዳልግሊሽ ዬትስን አመጣ፤ ትዌንቲማን የቀድሞው የሊቨርፑል አማካይ ግሬም ሱነስ ወደሚያሠለጥነው ሬንጀርስ ሄደ። ዬትስም የራሱ ታሪክ አለው። በ1998 መጨረሻ ገደማ አንድ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ ወደ ክለቡ ሥራ አስኪያጅ ፒተር ሮቢንሰን ቢሮ መጥቶ ጠንካራ ተከላካይ ትፈልጋላችሁ ወይ ሲል ጠየቀ። አውሮፓን ሲዞር ሆላንድ ውስጥ አንድ ፊንላንዳዊ አይቷል። ይህን መሳይ ጥቆማ በየቀኑ ይመጣል፤ አብዛኛው አይረባም። ሆኖም ዬትስ ሄዶ አየው። ሳሚ ሂፒያ ነው። በ1999 በ2.6 ሚሊዮን ፓውንድ ከቪለም 2 መጣ፤ በ2005 ኢስታንቡል ላይ የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው ቡድን የመሐል ተከላካይ ሆነ። አንድ ታላቅ የመሐል ተከላካይ ሌላውን አወቀው።

አሁን ሥራው ተለውጧል። ከ2000ዎቹ ወዲህ የየአገሩ ጨዋታ በቪዲዮ ተሰብስቦ በኮምፒውተር ይታያል፤ መልማዩ መኪና ከማስነሳቱ በፊት የልጁን ሃምሳ ጨዋታ አይቶ ይሄዳል። ሊቨርፑል የፊዚክስ ዶክተር የሆነውን ኢያን ግራሃምን ቀጥሮ የመረጃ ትንተና ክፍል አቋቁሟል፤ በ2017 ሞሃመድ ሳላህ ከሮማ ሲመጣ ቁጥሮቹም ድምፅ ነበራቸው። ታዲያ ዓይን ምን ቀረለት ይባል ይሆናል። በዚያው ክረምት ወደ ሊቨርፑል የመጣውን አንዲ ሮበርትሰንን እንይ። በ15 ዓመቱ ሴልቲክ ትንሽ ነህ ብሎ አሰናብቶታል። ያኔ ተጫዋቾቹ በማይከፈላቸው የግላስጎው ክለብ በኩዊንስ ፓርክ ነው እንደገና የተነሳው። ከዚያ ዳንዲ ዩናይትድ፣ ከዚያ ሃል ሲቲ። ሃል ከፕሪሚየር ሊግ ሲወርድ ሊቨርፑል በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። በወራጅ ቡድን ውስጥ ያለ ተከላካይ ቁጥሩ ማማር አይችልም፤ ቡድኑ ጎል እየገባበት ነው። ቡድኑ ሲፈርስ አብሮ ያልፈረሰውን ሰው ለማወቅ ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ወራጅ ቡድን ውስጥ መከላከል ምን እንደሚመስል በሰውነቱ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ወደ አገራችን ስመጣ ቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት ሞልተው ሊቨርፑልንና አርሰናልን የሚያዩ የቀድሞ ተጫዋቾች ትዝ ይሉኛል። ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው ብዙ ይማራል። ጎሉ ከመግባቱ በፊት «ይሄ ልጅ ዞሮ አላየም» ይላሉ፤ አሥር ሴኮንድ ሳይቆይ ጎል ይገባል። ይህን እውቀት የሚገዛው የለም። ጫማ የሰቀለ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ከእግር ኳስ ሳይርቅ ልኑር ካለ በአብዛኛው የሚታየው አንድ በር አሰልጣኝነት ነው። እሱም ጥቂት ወንበር ያለው፣ በውጤት መጥፋት ቶሎ የሚባረሩበት በር ነው። ተጫዋች የሚያይ፣ የሚመዘግብ፣ ሪፖርት የሚጽፍ፣ ለዚያም ወር በወር የሚከፈለው ሰው ግን በክለቦቻችን መዋቅር ውስጥ ብርቅ ነው። ክለቦች በየዝውውሩ ወቅት ተጫዋች ሲያስፈርሙ ከፍተኛ ገንዘብ ያወጣሉ፤ የዚያን ቁራጭ ያህል እንኳ ለሚያይ ሰው ቢመድቡ ምን ያህል እንደሚያተርፉ እነ ኪገን ያሳያሉ።

በ2020 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በሱፐር ስፖርት መተላለፍ መጀመሩ አንድ ነገር ቀይሯል። በመጀመሪያው ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ፤ በ2022 ደቡብ አፍሪካ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። የውጭ መልማይ አዲስ አበባ ሳይመጣ ልጃችንን በስክሪን የሚያይበት ጊዜ ነው። በቴሌቪዥን በዋናነት የሚታየው ግን ፕሪሚየር ሊጉ ነው። ከፍተኛ ሊጉን፣ የክልል ውድድሮችን፣ ካሜራ የማይደርስባቸውን የአርባ ምንጭንና የጅማን የሰፈር ሜዳዎች ማን ያያቸዋል? ስካንቶርፕና ስኬልመርስዴል በእንግሊዝ የነበራቸው ቦታ በእኛ አገር የእነዚህ ሜዳዎች ነው። እዚያ የሚጫወት የ16 ዓመት ልጅ ዛሬ «አይሆንም» ቢባል በሃያ ሁለት ዓመቱ እንደገና መጥቶ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ማስታወሻ ከመሳቢያው አውጥቶ ከአሁኑ ጋር የሚያነጻጽር መሆን አለበት።